«አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ውሻ ልታጥቢ?»

«ሰላም እትዬ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። 31 ዓመቴ ነው። አገር ቤት አላጌ በእንስሳት ጤና ተምሬ፣ ደረጃ 4 ሲኦሲ አልፌ፣ መንዝ ውስጥ አንድ የእንስሳት ጤና ኬላ ላይ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በግ ከትቤያለሁ፣ ወይፈን አኮላሽቻለሁ፣ ላም አዋልጃለሁ። ሕዝቡ ‹ዶክተር› ነበር የሚለኝ። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ነኝ። ወደ ሙያዬ ልመለስ አስቤ ግራ ገባኝ። አንዱ ‹ዲፕሎማሽን አስተርጉመሽ ፈተና መውሰድ ብቻ ነው› ይለኛል። ሌላው ኢንተርኔት ላይ የሦስት ወር ሰርተፍኬት አለ ይላል። ካሊፎርኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹እዚህ በልምድ ይሆናል› ትለኛለች። ቤት ስደውል ‹አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ውሻ ልታጥቢ?› ብለው ይስቁብኛል። የቱን ልስማ? አንድ የሚያሳፍር ነገርም አለ። ከብትና አህያ አልፈራም፣ ድመት ግን እፈራለሁ። የመንዝ ልጅ ነኝ።»

እህቴ፣ ከሳቁ እንጀምር። አዎ፣ ውሻ ታጥቢያለሽ። ሽንት ትጠርጊያለሽ። የቡችላ ትውከት እጅጌሽ ላይ ይደርቃል። እኔ ክሊኒክ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ዛሬም ሰው ሲጎድል አጥባለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት «ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው» ብላ ታልፍ ነበር። የምን ሐኪም ቤት እንደሆነ አትናገርም። አንቺም ለጊዜው እንደዚያ በያቸው።

ወደ ቁም ነገሩ። የመካሪዎችሽ ሐሳብ የተምታታው ሁለት ሥራ ስለቀላቀሉ ይመስለኛል። አበሻ ሁሉንም «የውሻ ነርስ» ይላል። እዚህ ግን አሲስታንት ሌላ ነው፣ ቴክኒሺያን ሌላ።

አሲስታንት ለመሆን ቨርጂኒያ ፈቃድ አትጠይቅም። ክሊኒክ ከቀጠረሽ አሲስታንት ነሽ፣ አለቀ። እንስሳ ትይዣለሽ፣ ትመግቢያለሽ፣ ካሠለጠኑሽ ደም ትቀጃለሽ፣ መርፌም ትወጊያለሽ። ቴክኒሺያን ግን ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። ቨርጂኒያ ኤልቪቲ ትለዋለች፣ ድልድዩን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ስትገቢ አርቪቲ ይሆናል። የቨርጂኒያ ደንብ ለአሲስታንት አይሰጥም የሚለው ሥራ አለ፦ ደም ሥር ውስጥ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ መትከል፣ ለማደንዘዣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት፣ ከድድ በታች ያለውን የጥርስ ቆሻሻ መጥረግ፣ የካንሰር መድኃኒት መውጋት።

በዓይንሽ ላሳይሽ። ጠዋት ነው፣ የቀዶ ሕክምና ሰዓት። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ኪሎ የምትሆን ውሻ ቁጭ ብላለች። አሲስታንቷ ከጎን አቅፋታለች። አንድ እጇ አገጯ ሥር ነው። በሌላው የፊት እግሯን ከክርኗ ይዛ ወደ ፊት ትዘረጋለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ክርኑ መታጠፊያ ላይ ጫን ታደርግና ወደ ውጭ ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። ያኔ ደም ሥሩ ከቆዳው ሥር ክር መስሎ ብቅ ይላል። ቴክኒሺያኗ ፀጉሩን ላጭታ፣ በአልኮል ጠርጋ፣ ካቴተሩን ታስገባለች። ደም ጠብ ሲል ትገፋዋለች፣ በፕላስተር ትጠቀልለዋለች። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱ ሴቶች መካከል አንድ ክንድ ርቀት ቢኖር ነው። ለዚያች አንድ ክንድ ነው ሁለት ዓመት የምትማሪው።

አንቺ ደግሞ የላም አንገት ላይ ጡጫሽን ጫን አድርገሽ ቧንቧ የሚያክል ደም ሥር ስታስነሺ ኖረሻል። እዚህ የምትፈልጊው ክር ነው። እጅሽ ይለምደዋል። እኔ ያደግኩት ቄራ ሰፈር ነው። ከብት የማውቀው ለእርድ ሲነዳ ብቻ ነበር፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

አሁን መራራውን ልንገርሽ። ዲፕሎማ አስተርጉሞ ፈተና መቀመጥ የሚባለው አይሠራም። ፈተናው ቪቲኤንኢ ይባላል። 170 ጥያቄ አለው፣ ነጥብ የሚያዘው 150ው ነው፣ ሦስት ሰዓት ይሰጥሻል። ከፈተናው በፊት ግን ቨርጂኒያ የምትጠይቅሽ ኤቪኤምኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ እውቅና ከሰጠው የቴክኒሺያን ትምህርት ቤት መመረቅሽን ነው። አላጌ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንኳ የኤቪኤምኤ እውቅና የለውም። እዚያ ተመርቀው ዶክተር ሆነው የመጡ ልጆችም በእንግሊዝኛና በሙያ ፈተና አልፈው ነው ወደ ዋናው የሐኪምነት ፈተና የሚደርሱት። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው፣ ረጅምና ውድ። የነሱን ወሬ ለራስሽ አትውሰጂው።

ዲፕሎማውን ሻንጣ ውስጥ ግን አትተዪው። ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባል በሆነ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሚው። ኮሌጁ ሁለት ሦስት አጠቃላይ ኮርስ ቢቀበልሽ ትልቅ ነገር ነው። የሙያ ኮርሶቹን ይቀበሉኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

የአክስትሽ ልጅ ደግሞ አልዋሸችም፣ ግማሹን ነው የነገረችሽ። ካሊፎርኒያ ከትምህርት ቤቱ ሌላ የልምድ መንገድም አላት። ግን ፈቃድ ባለው የእንስሳት ሐኪም ሥር የተሠራ፣ ሐኪሙ የፈረመበት 4,416 ሰዓት ትጠይቃለች። በዚያ ላይ ኮሌጅ ደረጃ የተወሰዱ ትምህርቶች አሉ፣ ፈተናውም አይቀርም። የመንዝ አምስት ዓመትሽ እዚያ አይቆጠርም። ለዚህ ብለሽ ሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ ውስጥ ልትገቢ ካልሆነ ተዪው።

የሦስት ወር ሰርተፍኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ የተበላሁበት ነው። ስሙን የማልጠራው የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ነበር። ማስታወቂያው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ቡችላ አቅፋ ትስቃለች። 900 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ወረቀቱ በፖስታ መጣልኝ፣ ወርቃማ ማኅተም ሁሉ አለው። ይዤው ስድስት ክሊኒክ ዞርኩ። አምስቱ ቀና ብለው አላዩትም። ስድስተኛዋ አለቃ ወረቀቱን መለሰችልኝና «ቅዳሜ መሥራት ትችያለሽ?» አለችኝ። እችላለሁ አልኩ። በዚያው ተቀጠርኩ። የ900 ዶላሩ ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ።

የረዳትነት ትምህርት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ናቭታ የሚባለው የቴክኒሺያኖች ብሔራዊ ማኅበር እውቅና የሚሰጣቸው የአሲስታንት ፕሮግራሞች አሉ፣ ፈተናም አላቸው። እንስሳ ነክታ የማታውቅ ልጅ ብትጽፍልኝ ምናልባት ተማሪው እላት ነበር። ላም ያዋለደች ሴት ግን ለአሲስታንትነት ብላ አንድ ሳንቲም መክፈል የለባትም። እንዲያውም እነሱ ናቸው ሊከፍሉሽ የሚገባው።

ስለዚህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን በኬነል በር ነው የምገባው። ኬነል ማለት እንስሳቱ የሚያድሩበት ጓዳ ነው። ክሊኒኮች ለቅዳሜ፣ ለእሁድና ለበዓል ሰው ያጥራቸዋል። ገና በነሱ አቆጣጠር ከእኛ በፊት ስለሚውል ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፣ የነሱን ሠርተሽ የራስሽን ታከብሪያለሽ። ሪዙሜሽ ላይ «የእንስሳት ፍቅር አለኝ» አትበይ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። የሠራሽውን ጻፊ። በአንድ የክትባት ዘመቻ ስንት በግ ከተብሽ? የበግ ፈንጣጣ፣ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ ብለሽ የእንግሊዝኛ ስማቸውን ፈልገሽ አስገቢ። ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ማኮላሸትን ጻፊ። አብዛኛው የከተማ ክሊኒክ ሠራተኛ አባ ሰንጋን መጽሐፍ ላይ ነው የሚያውቀው።

ልምድሽን የማሳነስ ነገር አይቼብሻለሁ፣ «ሕዝቡ ዶክተር ይለኝ ነበር» ብለሽ በኀፍረት ነው የጻፍሽው። ደስታ በሽታን ታስታውሻለሽ፣ አያቶቻችን የሚያወሩትን፣ ከብቱን የጨረሰውን። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አፋር ላይ የጠፋው እንዴት ይመስልሻል? ማቀዝቀዣ ሳይፈልግ ሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። ከዚያ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ አጭር ሥልጠና ያገኙ አርብቶ አደሮች በእግራቸው ይዘውት ዞሩ። ዶክተር የሚደርስበት ቦታ አልነበረማ።

ሥራው ላይ ከገባሽ በኋላ ትምህርቱ ይከተላል። ቅርብሽ ያለው ኖቫ፣ ማለትም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ነው። ስተርሊንግ ባለው የላውደን ካምፓሱ በኤቪኤምኤ እውቅና ያለው የቴክኒሺያን ፕሮግራም አለው። ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ደግሞ ብሉ ሪጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። ሁለቱም በአሶሺየት ዲግሪ ያስመርቃሉ። ቨርጂኒያ ከዓመት በላይ ስለኖርሽ የነዋሪ ክፍያ መጠየቅ ትችያለሽ። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙዪ። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት አለ፣ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ክፍያ በደንብ ያግዝሻል። እንግሊዝኛሽን ይፈትኑሻል። ከታች ጀምሪ ቢሉሽ አትናደጂ፣ እኔም ሁለት ሴሚስተር ኢኤስኤል ተቀምጫለሁ። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እዚያው ጎን ለጎን ይሄዳል።

ከቤት ሆኖ መማር ካሻሽ ፔን ፎስተርና ኒው ሜክሲኮ ያለው ሳን ሁዋን ኮሌጅ እውቅና አላቸው። ግን ቪዲዮ አይቶ መመረቅ እንዳይመስልሽ። የተግባር ሥራው እውነተኛ ክሊኒክ ውስጥ፣ እውነተኛ ሐኪም እያየሽ፣ አንድ በአንድ እየተመዘገበ ነው የሚሠራው። ከብትና ፈረስም መንካት ግዴታ ነው። የከተማ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚርበተበቱት። ላም ከየት ይምጣላቸው! አንቺ እዚያ ትስቂያለሽ። ፔን ፎስተር በየወሩ እየተከፈለ የሚማሩት ነው፣ የፌዴራሉን እርዳታ አይቀበልም። ስለዚህ ፔል ከደረሰሽ ኖቫ ይሻልሻል። የትም ብትሄጂ ግን ከመክፈልሽ በፊት የኤቪኤምኤ ዝርዝር ላይ ስሙን በዓይንሽ እዪ። «እውቅና አለን» ቢሉሽም «የማን?» በይ።

ገንዘቡን አልደብቅሽም። በ2023 የመንግሥት ስታቲስቲክስ መሠረት በመላው አገሪቱ የቴክኒሺያን መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 43,740 ዶላር፣ የአሲስታንት 36,440 ነበር። እኛ አካባቢ ከዚህ ከፍ ይላል፣ ኪራዩም ከፍ ይላል። አንዳንዱ ካሸር ከአሲስታንት እኩል ያገኛል። ለሀብት ብለሽ ከሆነ የሰው ነርሲንግ ተማሪ፣ እውነቴን ነው። ትምህርቱ በዓመታት ያን ያህል አይራራቅም፣ ደመወዙ ግን አይገናኝም። ይህን ሰምተሽም ልብሽ ካልተመለሰ እንቀጥል።

አንቺን የሚመለከቱ ሁለት የጎን በሮች አሉ። አንዱ ፈረስ ነው። ከላውደን ካምፓስ ብዙም ሳይርቅ ሊስበርግ ውስጥ የቨርጂኒያ ቴክ የፈረስ ሆስፒታል አለ፣ ሚድልበርግ አካባቢም ሰፈሩ ሁሉ ፈረስ ነው። አህያና በቅሎ ይዞ ያደገ እጅ እዚያ ይፈለጋል። ሌላው ላቦራቶሪ ነው። ቤተስዳ ያለው ኤንአይኤች፣ የመንግሥቱ የጤና ምርምር ተቋም፣ ለምርምር የሚያዙ እንስሳት አሉት። የላቦራቶሪ እንስሳት ሥራ የራሱ ማኅበርና የራሱ የደረጃ ሰርተፍኬት አለው፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ደምሮ ያያል። ሥራው ለሁሉም ሰው ሕሊና አይመችም፣ እኔ አልቻልኩትም። ጥቅማ ጥቅሙ ግን ከግል ክሊኒክ ይሻላል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ።

አዲስ የሚሆንብሽን ላስጠንቅቅሽ። ሚዛኑ በፓውንድ ነው፣ መድኃኒቱ ግን በኪሎ ነው የሚሰላው። ውሻው 44 ከሆነ 20 ኪሎ ነው፣ ለ2.2 አካፍይ። ይህን የረሳ ሰው እጥፍ መድኃኒት ይሰጣል። ኢቨርሜክቲን ደግሞ አገር ቤት የምታውቂው መድኃኒት ነው። እዚህ ኮሊ የሚባል ረጅም አፍንጫ ያለው የእረኛ ውሻ አለ። ብዙዎቹ መድኃኒቱ ወደ አእምሯቸው እንዳይገባ የሚከላከለው ዘረመላቸው ጉድለት አለበት። ለልብ ትል የምትሰጠዋ ጥቂት መጠን አትጎዳቸውም፣ ለከብት በሚሰጠው ልክ ቢሰጣቸው ግን ሊሞቱ ይችላሉ። እጅሽ የለመደውን ሁሉ አንዴ ጠይቀሽ አድርጊ።

አያያዙም ሌላ ነው። እኛ አገር ጥሎ አስሮ ነው። እዚህ ውሻው ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ከላሰ «ፈርቷል፣ እንተወው» ይላሉ። የኦቾሎኒ ቅቤ ያስልሱታል፣ እሱ ሲልስ መርፌው ያልቃል። መጀመሪያ ሳየው ቅብጠት መስሎኝ ነበር። አሁን ያለሱ አልሠራም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መርፌውም እንግሊዝኛውም አይደለም፣ ሰዎቹ ናቸው። አንድ ሽማግሌ የ15 ዓመት ውሻቸውን ይዘው መጡ። ኩላሊቷ አልቋል፣ በመርፌ እንድታርፍ ወስነዋል። ሰውየው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላቷን እያሻሹ አለቀሱ። እኔ አበሻ ነኝና ለማጽናናት ቸኮልኩ፣ «አይዞዎት፣ ሌላ ይገዛሉ» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስወጣችኝ። ልቅሶ ቤት ሄዶ «ሌላ ትወልዳለህ» እንደማለት እንደሆነ የገባኝ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ነው። አሁን ዝም እላለሁ፣ ውኃና ሶፍት አቀርባለሁ። ሲጨርሱ የእግሯን አሻራ በሸክላ አትሜ እሰጣቸዋለሁ። ይህ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሥራውን ጥለው የሚሄዱት አብዛኞቹ በዚህና በደመወዙ ነው።

በዚህ ሳምንት የምታደርጊው ይህ ነው። ከቤትሽ በአውቶቡስ የሚደረስ ሦስት ክሊኒክ ምረጪ። በስልክ ሳይሆን በአካል ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲቀዘቅዝ። የግሮሰሪውን ሥራ አትልቀቂ፣ ቅዳሜና እሁድ ጀምሪ። ሲቀጥሩሽ የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቂ። ውድ ነው፣ አንዳንድ አሠሪዎች ይከፍላሉ። ትንሽ ስትላመጂ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሪና «ትምህርት ከጀመርኩ የተግባር ሥራዬን እዚህ ትፈርሚልኛለሽ?» በያት። እሺ ካለች ትምህርት ቤቱን ያን ጊዜ ምረጪ።

ድመቷን አልረሳሁም። አያሳፍርም፣ እኔ የያዝኩት ውሻ ነክሶኝ አያውቅም፣ ድመት ግን ሁለቴ ሐኪም ቤት ልካኛለች። ተይዛ የመጣችበት ሳጥን ውስጥ እጅሽን አትስደጂ። የላይኛውን ክዳን ፍቺው፣ ታችኛው ላይ እንደተቀመጠች ትቆይ። ትልቅ የመታጠቢያ ፎጣ ከኋላዋ አምጪና ጭንቅላቷ ብቻ እንዲቀር ሸፍኚያት። አንዱን ጎን ከአንገቷ ሥር አሳልፊ፣ ሌላውን ከላይ ደርቢ፣ የኋላውን ትርፍ ወደ ሥር አጥፊ። ሕፃን እንደምትጠቀልይ ነው። ጥፍሮቿ ውስጥ ከቀሩ ከፊት ያለው አፏ ብቻ ነው፣ እሱንም ከኋላ ሆነሽ መንጋጭላዋን በሁለት ጣት ደገፍ ማድረግ ነው። አትጭኛት፣ ዝም ብለሽ ያዢያት። መጮኋ አይቀርም፣ እሱን ልመጂው።